አልበርት አልዳነም፤ ፒተር ግን ድኗል

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ያስጠለለው፣ በሱዳን ገዳሪፍ የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት በሸሹ ሰዎች እንደገና ሞላ። በዚያው ግዛት ያለው የቱናይድባ መጠለያም ተከተለ። በእንዲህ ያሉ መጠለያዎች ሕፃናትን የሚይዙት ብዙ ጊዜ ከስደተኞቹ መካከል የተመለመሉ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ናቸው። አራት ዓመት የተማረ መምህር ያነበበው ስህተት ቢሆን የሚያርምበት ጊዜ ያገኛል። የጥቂት ቀን ሠልጣኝ ግን ሃንዳውቱ (የሥልጠና ወረቀቱ) ላይ ያለውን ይዞ በቀጥታ ልጆቹ ፊት ይቆማል፤ ሃንዳውቱ ደግሞ የሚቀዳው ከመማሪያ መጽሐፍ ነው።

ተረት፦ መጽሐፍ ላይ ከሰፈረ ተረጋግጧል።

እ.ኤ.አ. በ1920 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር «አልበርት» ያሉት የ11 ወር ሕፃን ነጭ አይጥ ሲነካ ከጀርባው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ኋላ ሕፃኑ አይጧን ሲያይ ብቻ ማልቀስ ጀመረ። ሥነ ልቦና የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን የሥነ ልቦና ምሁሩ ቤንጃሚን ሃሪስ መማሪያ መጻሕፍትን ከዋናው ጥናት ጋር ሲያመሳክሩ፣ አንዳንዶቹ ሕፃኑ ፈራቸው በተባሉት ነገሮች ላይ ከራሳቸው ጨምረው፣ ሌሎቹ ደግሞ በመጨረሻ ፍርሃቱ እንደተወገደለት ጽፈው አገኙ። ማንም አላስወገደለትም። ሕፃኑ ከነበረበት ሆስፒታል ወጥቶ ሄደ፤ ዋትሰንም እንደሚወጣ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ያማረው ፍጻሜ የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው።

ተረት፦ የሚፈራን ልጅ ከሚፈራው ነገር ጋር አፋጠው፣ ይለምደዋል።

ፍርሃት እንዴት እንደሚለቅ ያሳዩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ከቨር ጆንስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1924። ፒተር የተባለው ትንሽ ልጅ ጥንቸል ይፈራ ነበር። ጆንስ ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን ከሩቅ አሳዩት፤ በየጊዜውም ጥቂት ጥቂት አቀረቧት። የማይፈሩ ልጆች ከጥንቸሏ ጋር ሲጫወቱም እንዲያይ አደረጉ። በመጨረሻ ራሱ ዳበሳት። በስደተኞቹ መጠለያ የጭነት መኪና ድምፅ ሲሰማ የሚደበቀውን ልጅ ለያዘች፣ አጭር ሥልጠና ብቻ ለወሰደች መምህርት፣ ከአልበርት ታሪክ ይልቅ የሚጠቅማት ይህ ነው።

ተረት፦ ያየውን ካላወራ አይድንም።

ወላጅ «ልጁ ደንግጧል» ሲል በጎ ፈቃደኛው ብዙ ጊዜ ወረቀትና ቀለም አቅርቦ «ጦርነቱን ሥለህ አሳየኝ» ለማለት ይቸኩላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች ጋር ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ማውራት ከፈለገ አዳምጥ፣ ካልፈለገ አትጎትጉት። ልጁን በይበልጥ የሚያረጋጋው የሚያውቀው ሰው፣ በየቀኑ የሚደገም ሰዓትና ጨዋታ ነው።

ተረት፦ አንዱ ልጅ በማየት፣ ሌላው በመስማት ይማራል፤ ለየብቻ አስተምራቸው።

ይህን ያላነበበ መምህር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቻቸው ማስረጃውን መርምረው፣ ልጆችን እንዲህ ከፋፍሎ ማስተማር ይጠቅማል ለማለት የሚያበቃ አላገኙም። አንድ የአሜሪካ የመምህራን ሥልጠና ገምጋሚ ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሠልጣኝ መምህራን የሚሰጡ 48 መጻሕፍትን ሲፈትሽ፣ በጥናት የተረጋገጡትን ስድስት የማስተማሪያ ዘዴዎች ሁሉንም የያዘ አንድም አላገኘም። እንደ ደጋግሞ መጠየቅና ልምምድን በቀናት ማከፋፈል ያሉት፣ ገንዘብ የማይጠይቁት፣ በብዙዎቹ መጻሕፍት ተዘለው ነበር።

ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል የሚለውንም ጣሉት። ቤት ውስጥ ትግርኛ ወይም አማርኛ፣ ገዳሪፍ ገበያ ዓረብኛ የሚሰማ ሕፃን ቃላት ቢቀላቅል ጤነኛ ነው።

ሥልጠና የምታዘጋጁ፣ ሃንዳውቱን ከማባዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፤ ዋናውን ጥናት ያነበበ ሰው ፈልጋችሁ አሳዩት።