የቀለም ቀንድ ቃላት፤ እንግሊዝኛ ለቃላት ስላወጣቸው ስሞች

ከእንግሊዝኛ ቃላት መካከል ሥራቸው ሌሎችን ቃላት መሰየም ብቻ የሆነ፣ ከትላልቅ መዝገበ ቃላት ውጭ ብዙም የማይገኙ አሉ። በገበያና በቤት አይሰሙም። መምህር ግን አልፎ አልፎ በተማሪ ድርሰት ኅዳግ ላይ ይጽፋቸዋል፤ ተማሪውም ነቀፌታ ይሁን ምስጋና ሳይለይ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ከነዚህ ውስጥ ሦስቱን ለመመርመር አስቤአለሁ። የመረጥኋቸውም ሦስቱ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ በመሆናቸው ነው፤ ይኸውም ከመጽሐፍ የተገኘ ቃል በሰው ፊት ሲወጣ ስለሚደርስበት ፍርድ ነው። እንግሊዝኛን ከጆሮአችን ይልቅ በዐይናችን ለተማርነው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሦስቱ ሰፊ ታሪክ ያለው «ኢንክሆርን ተርም» የሚባለው ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ የቀለም ቀንድ ቃል ማለት ነው። የጥንት ጸሐፊ ቀለሙን በቀንድ ይይዝ ነበርና፣ ይህ ቃል ከሕዝብ አፍ ሳይሆን ከዚያ ቀንድ ውስጥ ወጣ ለማለት የተሰጠ የስድብ ስም ነው። በ16ኛው ምእተ ዓመት የእንግሊዝ ሊቃውንት ዕውቀትን በላቲን ፈንታ በገዛ ቋንቋቸው ለመጻፍ ሲነሡ የቃል እጥረት አጋጠማቸው። አንዳንዶቹ የጐደለውን ከላቲንና ከግሪክ በገፍ ወሰዱ፤ ሌሎቹ ደግሞ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ቶማስ ዊልሰን በ1553 ባሳተመው የንግግር ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ሹመት የሚለምን ሰው የጻፈው ነው በማለት በላቲን ቃላት የታጨቀ የማላገጫ ደብዳቤ አግብቷል። ዐላማው አንባቢን ማሣቅ ነበር። ዛሬ ደብዳቤውን የሚያነብ ሰው ግን ባንዳንዱ ቃል ላይ ለምን እንደሚሣቅ አይገባውም። «ሴሌብሬት»፣ «ካፓሲቲ»፣ «ዴክስቴሪቲ» የተባሉት ከዚያው ደብዳቤ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ ያለ ዕፍረት ይጽፋቸዋል። አብረዋቸው የነበሩት «ኦብቴስቴት» እና «አጁቬት» ግን ሞተዋል።

ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሰር ጆን ቺክ ነው። ይህ ሰው በ1557 በጻፈው ደብዳቤ እንግሊዝኛ ከሌላ ቋንቋ ሳይቀላቀል በንጽሕና መጻፍ እንዳለበት፣ አለዚያ ሁልጊዜ ተበድሮ እንደማይከፍል ባለዕዳ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። የሚገርመው ነገር ቺክ ራሱ በ1540 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ንጉሡ ላቋቋመው የግሪክኛ ወንበር የመጀመሪያ ፕሮፌሰር ሆኖ የተሾመ ሊቅ መሆኑ ነው፤ ብድሩን የሚጠላው ከአበዳሪው ቤት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ያለውንም በሥራ ለማሳየት ሞከረ። የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም የመቶ አለቃውን መቶ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አውጥቶ «ሃንድረደር» አለው፤ ትንሣኤንም እንደገና መነሣት በሚል መንገድ «ጌይንራይዚንግ» ሲል ሰየመው። ሁለቱንም የተቀበላቸው የለም። ከዚህም በላይ ንጹሕ ለማለት የተጠቀመበት «ፒውር» የሚለው ቃል ራሱ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው።

ጠቡ ከቲያትር ቤትም ገብቷል። ቤን ጆንሰን በ1601 በቀረበው ድራማው ውስጥ ለአንድ ገጣሚ መድኀኒት አውጦት የዋጣቸውን ቃላት አንድ በአንድ ሲያስታውከው ያሳያል። ከትውከቱ መካከል «ሪሲፕሮካል» እና «ስትሬንዩስ» ይገኛሉ። ዛሬ እነዚህን የሚያስወጣ ሐኪም የለም።

የትኛው ቃል እንደሚሞትና የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ምን ይሆን? ብዙዎች ችግር ነው፤ ቦታው ባዶ ከነበረ ቃሉ ይቀራል ይላሉ። በኔ አስተያየት ይህ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይገልጻል። ማመስገን የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ሞልቶ ሳለ ከዊልሰን ደብዳቤ ውስጥ «ኤክስቶል» የሚለው ተርፏልና።

ሁለተኛው ቃል «ሴስኩዊፔዴሊያን» ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ ረዣዥም ቃላትን አንድ እግር ተኩል የሚያህሉ ናቸው ሲል ከተጠቀመበት የላቲን ቃል የወጣ ነው። አንድ እግር ተኩል በሮማውያን ልክ አንድ ክንድ ስለሆነ፣ በኛ አባባል ክንድ ሙሉ ቃል ልንለው እንችላለን። የሚነቅፈውን በሽታ ራሱ ተሸክሞ ከመዞሩ በቀር ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለም።

ሦስተኛው «ማላፕሮፒዝም» ነው። ሸሪደን በ1775 በታየው ድራማው ውስጥ ሚስዝ ማላፕሮፕ የምትባል ሴት አቅርቧል፤ ስሟም ያለ ቦታው ከሚለው የፈረንሳይኛ ሐረግ የተወሰደ ነው። ይህች ሴት ትላልቅ ቃላት ትወዳለች፤ ግን ድምፃቸው ከሚመስሉት ጋር ታምታታቸዋለች። በዓባይ ዳር ያለውን «አሊጌተር» ለማለት ፈልጋ «አሌጎሪ» ትላለች፤ ይኸውም ምሳሌያዊ አነጋገር ማለት ነው። (ለነገሩ በዓባይ ያለው አዞ አሊጌተር ከተባለው ወገን አይደለም፤ ስለዚህ ቃሉን በትክክል ብትናገረውም ከስሕተት አታመልጥም ነበር።) ሼክስፒርም ከ1600 ትንሽ ቀደም ብሎ ዶግቤሪ በሚባል የሰፈር ዘበኛ አፍ ይህንኑ ቀልድ አስቀምጧል። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። ዊልሰን የሣቀው ትምህርት በበዛበት ሰው ላይ ነው፤ ሸሪደንና ሼክስፒር ግን የሚያሥቁን የትምህርት ቤት በር ባልተከፈተላቸው ሴትና ዘበኛ ላይ ነው። የቀለም ቀንድ ቃል በሊቅ እጅ ሲገኝ ጕራ፣ በሌላው አፍ ሲገኝ ድንቍርና ተባለ።

የኢትዮጵያ ጸሐፊም ጥቍሩንና ቀዩን ቀለም በቀንድ አድርጎ፣ ቀንዱን ከአጠገቡ መሬት ላይ ተክሎ ነበር የሚጽፈው። ከዚያው ቀንድ የወጣው አነጋገር ግን ሌላ ነው፤ «ቀለም ቆጠረ»፣ «ቀለም የገባው ነው»፣ «የቀለም ሰው» የሚባለው ለምስጋና ነው። ይሁን እንጂ ጠቡ በኛም ዘንድ አልቀረም። ለአዲስ ነገር ስም ሲፈለግ ከግእዝ እናውጣ የሚሉና የመጣውን እንዳለ እንቀበል የሚሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ቴሌቪዥንን «ምርአየ ኵነት» ለማሰኘት ተሞክሮ ነበር፤ ዛሬ ቃሉ በቀልድ ካልሆነ ብዙም አይነሣም። «ቤተ መጻሕፍት» ስንል ግን ግእዝ መናገራችንን የሚያስታውስ የለም።