የበዓል በሬ ከገበሬው ደጃፍ፤ በሬውን ሳይሆን ቀላቢውን እወቁ!

በዓል ሲቃረብ ወጣቱ ሁሉ «ቅርጫ ልግባ» ይላል። መግባቱስ ደግ! ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ በሬው ከየት እንደመጣ፣ ምን ሲበላ እንደከረመ የጠየቃችሁ? «ብር አዋጡ» ሲሉን እናዋጣለን፤ «ሥጋችሁን ውሰዱ» ሲሉን ፌስታል ይዘን እንሰለፋለን። አለቀ!

የወላይታ ሰው ግን በዚህ ነገር አይቀልድም። ዘመን መለወጫው ጊፋታ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው። ለዚያች ቀን ወንዶቹ ለበሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ከዓመት እስከ ዓመት ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠራቅማሉ። በሬው ደግሞ ቤት ታስሮ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የእንሰት ቅጠልና ሣር እየቀረበለት ይሰባል።

እኛም አሥር ጓደኛሞች ሆነን በሬያችንን ከቀላቢው እጅ ለመግዛት ወደ ዳሞት ወይዴዋ ከተማ ወደ በዴሳ ሄድን። ሶዶ ላይ አንድ ደላላ «ምን አደከማችሁ? እኔ እያለሁ!» ብሎን ነበር። ደከምን እንጂ አልተጎዳንም። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ሆዱ አያታላችሁ

አንዳንድ ነጋዴ በሬውን ጨው አልሶ ውሃ ይግተዋል። ሆዱ ተነፍቶ ገበያ ላይ ሲታይ የሰባ ይመስላል። እናንተ ሆዱን ተዉትና ሻኛውን፣ ፍርምባውን፣ የጭራውን መነሻ ዳብሱ። ስብ ካለ እዚያ አለ። የጎን አጥንቱ በእጅ የሚቆጠር ከሆነ ገና ነው። ቤቱ ድረስ ስትሄዱ ደግሞ ግርግሙን፣ የተረፈ መኖውን፣ ተኝቶ ሲያመሰኳ ታያላችሁ። ይሄን ገበያ ላይ አታገኙትም።

ዕድሜውን በጥርሱ እወቁ። ከእኛ አንዱ የላይኛውን ድድ ገልጦ «ይሄማ ጥርሱ ረግፏል!» ብሎ ጮኸ። ገበሬው ሳቁን መያዝ አቃተው። ለካ ከብት ከላይ የፊት ጥርስ የለውም! የሚታየው የታችኛው ነው። ስምንቱም ቋሚ ጥርሶች ከወጡ በሬው አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ወይም አልፏል ማለት ነው።

ገመዱን የያዘው ሁሉ ባለቤት አይደለም

ዋጋ ቆርጠን ብር ልንቆጥር ስንል ገበሬው «ቆዩ ልጆቼ፣ ባልንጀራዬ ይምጣ» አሉ። አንዱ ጓደኛችን ተናደደ። «ጋሼ፣ ተስማምተን የለም እንዴ?»

«ገንዘቡ የእሱ፣ ድካሙ የእኔ ነው። ትርፉ የሁለታችን ነው። ብቻዬን አልሸጥም» አሉት።

በአካባቢው አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና መኖ አዋጥተው በሬ ማድለብ የተለመደ ነው። እኛ እስከ ማታ ጠበቅን። አንድ የማውቀው ልጅ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከባልንጀሮቹ ጋር ለአንዱ ብቻ ቀብድ ከፍሎ ነበር። በዋዜማው ሌላው መጥቶ «እኔ መቼ ሸጥኩ?» አለ። በሬው ከገመዱ ሳይፈታ ቀረ። ቀብዱ በሽማግሌ ተመለሰ፤ በዓሉ ግን አልተመለሰም! ቀብድ ያሰባሰበው ልጅና ጓደኞቹ ደግሞ እስከ ዛሬ በሩቁ ነው ሰላምታቸው። እና እናንተዬ፣ ከዋጋው በፊት «በሬው የማን ነው?» በሉ። ቀብዱንም ሁለቱም ባሉበት፣ በምስክር ስጡ።

ስትከራከሩ ልክ ይኑራችሁ

ደላላ ቀረ ማለት የእሱ ድርሻ በሙሉ እኛ ኪስ ይግባ ማለት አይደለም። ብዙው ገበሬ ሲያርስበት የኖረውን በሬ ነው አስብቶ የሚሸጠው። በዋጋው ሌላ ወይፈን ይገዛል፣ የልጅ ደብተር ይገዛል። ስለዚህ ከደላላ የተረፈውን ተካፈሉ። የዘንድሮ ገበሬ ደስ ብሎት ከሸኛችሁ ለከርሞ ደህናውን በሬ ለእናንተ ያቆየዋል።

ከቢላዋው በፊት ተስማሙ

በሬ 300 ኪሎ መዘነ ማለት 300 ኪሎ ሥጋ አለው ማለት አይደለም። ከነአጥንቱ ግማሽ ያህሉ ቢወጣ ነው። ለአሥር ሰው በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ጉበቱ፣ ምላሱ፣ ቆዳው፣ ጭንቅላቱ እንዴት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ጻፉት። መደቡንም በዕጣ አውጡ። ጓደኛሞችን በሬ አያጣላም፤ ጉበት ያጣላል!

ጤናውን አትርሱ

መኖ እምቢ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ አፍንጫው የደረቀ በሬ ካያችሁ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አትግዙ። ታሞ ወይም በድንገት ከሞተ ደግሞ «ገንዘባችን ነው» ብላችሁ ቢላዋ እንዳታነሱ። አባ ሰንጋ ከሆነ በእጅም በሥጋም ወደ ሰው ይጋባል፤ ይገድላልም። ጥሬ ሥጋ በዳጣ ለሚወዱም አንድ ቃል፦ የኮሶ ትል የሚገባው በጥሬው ነው። ሥጋው በባለሙያ ይታይ፤ በደንብ ቢበስል ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል።

እንግዲህ በሬ ፈላጊዎች፣ ዋዜማው እስኪደርስ አትጠብቁ። ከሳምንታት በፊት ውረዱ፣ «ሳሮ» ብላችሁ ግቡ፣ የቀረበላችሁን ቡና ጠጡ፣ ከዚያ ስለ በሬው ጠይቁ። መልካም በዓል!