የዘይት ጌጅ ምን ይነግረናል? ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀየርበት መንገድ



ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ወረዳ የሚወርድ መኪና ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ ወደ ተከዜ ቆላ ይዘልቃል። ሲመለስ ሰውና ጭነት ይዞ ያንኑ ዳገት በሙቀት ይወጣል። ሞተር ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ ከሚገባው በታች ከወረደ ብረት ከብረት እየተፋተገ ሞተሩ በአጭር ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ጋራዥ በሌለበት መንገድ ላይ ደግሞ ይህ ማለት ሐኪም ቤት የሚሄድ ታማሚ ሳይቀር በረሃ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ሹፌሩ የዘይት ጌጁን ይከታተላል። ጌጁ የሚያነበው ግን የኤሌክትሪክ ኮረንቲን ነው። ግፊቱን ወደ ኮረንቲ ቋንቋ የሚተረጉመው ሞተሩ ላይ የተጠመዘዘው ትንሽ ሴንሰር ነው።

በተለመደው ዓይነት ሴንሰር ውስጥ እንደ ድቤ ቆዳ የተወጠረ ስስ ብረት አለ። ዘይቱ ከሥር ሲገፋው በጥቂቱ ወደ ላይ ያብጣል። ይህን ትንሽ እንቅስቃሴ አንዲት ዘንግ ታጎላዋለች፤ የዘንጓ ጫፍም በተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ላይ ወዲህና ወዲያ ትንሸራተታለች። ኮረንቲው የሚያልፍበት የሽቦ ርዝመት ሲጨምር የሚገጥመው እንቅፋት፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ ይጨምራል፤ ሲያጥር ይቀንሳል። የቆየ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

በስፋት በሚታወቅ አንድ ዓይነት ሴንሰር ላይ ግፊት በሌለበት ሬዚስታንሱ 10 ኦም ገደማ ሲሆን፣ በመጨረሻው የግፊት ልክ 180 ኦም ገደማ ይደርሳል። ሌላው ዓይነት በተቃራኒው ከ240 ኦም ጀምሮ ግፊቱ ሲጨምር ወደ 33 ኦም ይወርዳል። ስለዚህ ክሩ ስለገጠመ ብቻ የተገዛ መለዋወጫ ከጌጁ ጋር ካልተስማማ፣ ቀስቱ ዝቅተኛውን ግፊት ከፍተኛ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

የተበጠሰ ሽቦም ያታልላል። ኮረንቲ ካላለፈ ሬዚስታንሱ ወሰን የለሽ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓይነት ይህ ቀስቱን ወደ ላይኛው ጫፍ ይወስደዋል፤ ሹፌሩም "ግፊቱ ሙሉ ነው" ብሎ ይነዳል። በሁለተኛው ዓይነት ቀስቱ ወደ ዜሮ ይወድቃል። አንድ ሽቦ ብቻ ያላቸው ሴንሰሮች ኮረንቲውን በክራቸው በኩል ወደ ሞተሩ አካል ስለሚመልሱ፣ ክሩ ላይ ቴፍሎን መጠቅለልም ንባቡን ያዛባል።

ቀዩ የዘይት መብራት ብዙ ጊዜ የራሱ ማብሪያ አለው። ግፊቱ ከ1 ባር በታች ወዳለ የተወሰነ ልክ ሲወርድ ይበራል። 1 ባር 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ውሃ ታች ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ይህ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ፣ ሽቦው ወይም ማብሪያው ተበላሽቷል፤ አደጋ ሲመጣም አያስጠነቅቅም።

በአዳዲስ መኪኖች ተንሸራታቿ ዘንግ ቀርታለች። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት ሳይንቲስት፣ ሽቦ ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ እንደሚለወጥ አሳዩ። ዛሬ ስሱ ሽፋን ላይ በተለጠፉ ጥቃቅን መስመሮች ይህ ባሕርይ ይሠራበታል። ለውጡ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ኤሌክትሮኒክስ ያጎላዋል።

በጉዞ ላይ ቀዩ መብራት ከበራ ወይም ቀስቱ በድንገት ከተለወጠ፣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከዚያ የዘይቱን መጠን ማየት ነው። ሴንሰሩ ይሁን ዘይቱ የሚጣራው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። "አላህ ያውቃል" ብሎ እየነዱ መቀጠል ተወኩል አይባልም፤ ተወኩል ሰበብን ካደረሱ በኋላ ነው። ተሳፋሪ አማና ነውና።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን። ወላሁ አዕለም።