ሳይንስ በቃል ይጠናልን?

አርሲ የስንዴ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚጓዝ መንገደኛ በጥቅምትና በኅዳር ወራት ግራና ቀኙን ቢመለከት የሚያየው አዝመራ ነው። ዛሬ ይህን አገር የምናነሣው ግን ስለ ውበቱ ለመናገር አይደለም። በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ወጣቶቻችን ሳይንስን በምን ዓይነት መንገድ ማስተማር ይገባል? የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ከአርሲ ደጋ የበለጠ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። ጥያቄው የመምህራን ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን መልሱ እስከ ገበሬው ጎተራ ድረስ የሚዘልቅ ነው።

ስንዴ ዋግ የሚባል ጠላት አለው። ዋግ በነፋስ እየተነዳ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከአገርም ወደ አገር የሚሻገር ጥቃቅን የፈንገስ ዘር ነው። ቢጫው ዋግ በቅጠል ላይ በመስመር ተሰልፎ ይታያል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ አገዳውን ይዞ እንደ ሸክላ ዱቄት የቀላ ብናኝ ያወጣል። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዘር በደጋው አገር በሰፊው ይዘራ በነበረበት ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ በብርቱ ተነሥቶ ጎዳው። ከዚህ በኋላ ቢጫውን ዋግ የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለው ዘር በገበሬው ዘንድ ተፈላጊ ሆነ። ዳሩ ግን ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ዲገሉን መታው። ክፉኛ በተመቱት ማሳዎች ላይ ገበሬው የሰበሰበው ከምንም የማይቆጠር ሆነ።

እንግዲህ ከእነዚህ ዓመታት በፊት የተመረቀ አንድ የእርሻ ተማሪ ነበረ እንበል። ይህ ወጣት «ዋግን የሚቋቋመው ዘር እገሌ ነው» የሚለውን መልስ በደብተሩ ጽፎ፣ በቃሉ አጥንቶ፣ በፈተናም መልሶ ጥሩ ነጥብ አግኝቶ ይሆናል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን መልሱ ውሸት ሆነበት። ያጠፋው መምህሩ አይደለም፤ ተማሪውም አይደለም። ፈንገሱ ስለ ተለወጠ ነው። ውሸት ያልሆነው ነገር ቢኖር የመመርመሪያው መንገድ ነው፤ ይኸውም በሽታው ምን ዓይነት ነው? ዘሩስ የትኛው ነው? የጎረቤቱ ማሳ ለምን ዳነ? ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ፣ ዝናቡና የተዘራበት ጊዜ ምን ልዩነት አመጡ? ብሎ ማነጻጸር ነው። በቃል የተያዘ መልስ እንደ ሰነበተ እህል ይነቅዛል፤ ጠይቆ የመመርመር ልማድ ግን አይነቅዝም።

ይህ እውነት ሆኖ ሳለ፣ በብዙ የትምህርት አዳራሾች የተለመደው ሥርዓት ሌላ ነው። መምህሩ ይናገራል፤ ተማሪው ይጽፋል፤ በፈተና ቀን ተማሪው የጻፈውን ለመምህሩ ይመልስለታል። ተማሪዎቹ ብዙዎች ናቸው፤ ትምህርቱም የሚሰጠው በቤታቸው በማይነገረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ያልገባው ተማሪ ጠይቆ ከመታፈር ዝም ብሎ መገልበጥን ይመርጣል። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለሳይንስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር አናገኝም።

በውጭው ዓለም ይህ ጉዳይ በቁጥር ተመዝኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ያለበት የተመራማሪዎች ቡድን አንድ ሙከራ አሳተመ። የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች በሁለት ተከፍለው ለአንድ ሳምንት ያህል አንድ ዓይነት ትምህርት ተማሩ። አንደኛው ወገን በተለመደው ገለጻ፣ ሁለተኛው ጥያቄ እየቀረበለት እርስ በርሱ እየተወያየ ነበር የተማረው። በተሰጠው ፈተና የመጀመሪያው ወገን አማካይ ውጤት ከመቶ 41፣ የሁለተኛው 74 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ 225 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ በገለጻ ብቻ ከተማሩት ከመቶ 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ በተግባርና በውይይት ከተማሩት የወደቁት ወደ 22 ዝቅ ብለው ተገኙ።

ይህ መንገድ የግድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለምሳሌ መምህሩ በአሰላ አዳራሽ ቆሞ «በዚህ ከተማ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብሎ ይጠይቅ። ብዙው ተማሪ «በመቶ» ብሎ መጻፉ አይቀርም፤ መጽሐፉ እንዲህ ይላልና። ከዚያ በኋላ ምድጃ፣ ድስትና ሙቀት መለኪያ ይምጣ። አሰላ ከባሕር ወለል 2 ሺ 400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃው ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። መጽሐፉ አልዋሸም፤ መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ወለል ላይ ስላለው ውሃ ነው። አሁን ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ምክንያቱን ይከራከሩበት። መምህሩ ስለ አየር ግፊት ለአሥር ደቂቃ ቢናገር፣ ንግግሩ ቦታውን የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚሰማው ተማሪ መልሱን ይፈልገዋልና። በአሰላ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መሆኑን የተረዳ ተማሪ፣ ባቄላ በደጋ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ ለእናቱ ሊያስረዳ ይችላል።

ከዚሁ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። አየሩ የሳሳ ከሆነ የሯጮቻችን ጉልበት ከምን መጣ? ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። ተማሪው «ከፍታው ነው» ብሎ ቢመልስ መምህሩ አይቀበለው። «በደጋ የሚኖር ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ ሁሉም ስለምን አላሸነፈም? የአንተን አሳብ ለማረጋገጥ ማንን ከማን ጋር ታነጻጽራለህ?» ይበለው። ደምና ሳንባ እንዴት እንደሚሠሩ በዚህ መንገድ የተማረ የጤና ተማሪ፣ የተማረውን ቶሎ የሚረሳ አይመስለንም።

ወደ ስንዴውም ብንመለስ ቤተ ሙከራው ከደጅ ነው። የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለአሰላ ቅርብ ነው። መሠረቱ የተጣለው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ሥራውን በአርሲ በጀመረበት ዘመን ነው። የካዱ ፈለግ በጣቢያው የተሞከረውን በገበሬው ማሳ ላይ ወስዶ ማሳየት ነበር። ዛሬም በከተማይቱ ያለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ እርሻንም ጤናንም ያስተምራል። ተማሪዎች በጭላሎ ግርጌ፣ በመካከሉና ከፍ ባለው ቦታ ሦስት ማሳዎች መርጠው፣ ከየማሳው 50 የስንዴ ዛላ ቆጥረው፣ የትኛው ዋግ የት እንደ በዛ ቢመዘግቡ፣ የሥነ ሕይወትንና የስታቲስቲክስን ትምህርት በአንድ ቀን ይማሩታል። ቢጫ ዋግ ብርዱን፣ የግንድ ዋግ ሞቅ ያለውን አየር መውደዱንም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቆጠሩት ይደርሱበታል።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ «ስለምን ሞቱ?» ብለው በመጠየቃቸው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር አገኙ። እንዶዱ ለዘመናት በሰው ሁሉ ፊት ነበር፤ የጎደለው ጥያቄው ብቻ ነበር።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ክፍሉ ብዙ ተማሪ ይዟል፣ የተመደበውም ትምህርት አያልቅም» የሚሉ መምህራን እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ጥያቄ አቅርቦ ለአምስት ደቂቃ ማወያየት በትልቅ አዳራሽም ይቻላል። ሁሉን ተናግሮ ጥቂት ከማስያዝ፣ ጥቂት ቀንሶ ብዙ ማስያዝ ይሻላል። ተማሪዎችም ቢሆኑ ሊያጉረመርሙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በውይይት የተማሩት የፊዚክስ ተማሪዎች በፈተና የበለጠ ውጤት ሲያገኙ፣ ለራሳቸው የተሰማቸው ግን ከሌሎቹ ያነሰ የተማሩ መስሎ ነው። ድካም ያለበት ትምህርት ትምህርት አይመስልምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች በሙሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ ፈተናው ትዝታን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የትኛውም መምህር ቢደክም ተማሪው ወደ ሽምደዳው መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ፈተና የሚያወጡ ሰዎች «የግንድ ዋግን ስም ጻፍ» ከማለት ይልቅ፣ የአንድን ማሳ ቁጥርና ሁኔታ ሰጥተው «ምን ሆኗል ትላለህ? እንዴትስ ታረጋግጣለህ?» ብለው ቢጠይቁ እንመክራለን።

ነገ በአርሲ ደጋ አንድ ገበሬ የታመመ ዛላ ይዞ ወደ አንዱ ተመራቂ ይመጣል። ዋጉ በማንም ደብተር ውስጥ ያልተጻፈ አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ወጣቱ ደብተሩን ፍለጋ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሳይሆን፣ «ና፣ ማሳህን አሳየኝ» ብሎ ከገበሬው ጋር የሚሄድ እንዲሆን ከዛሬው መማሪያ ክፍል መጀመር ይገባል እንላለን።