መተላለፊያ አንዝጋ

ሰሞኑን እዚህ ቁረይሻ በሌሊት ምጥ የያዛትን እህታችንን በአልጋ ተሸክመን ወጣን። ሁሌ የምናልፍበት መተላለፊያ በአዲስ አጥር ተዘግቶ ጠበቀን። በጨለማ ዞረን አምቡላንሱ ጋ እስክንደርስ ብዙ ደከምን። ተመስገን፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ይሄ ችግር በእኛ አልተጀመረም። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የድንኳን ሰፈር ነበረች። መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየኮረብታው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከመኳንንቱ የቀሩ ናቸው። በሰፈሮቹ መካከል ያን ጊዜ ሰፊ ባዶ መሬት ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ ባዶው መሬት በቤት ሞላ። ብዙው መንገድ ጠቦ የእግር መተላለፊያ ሆነ፤ አንዳንዱም አጥር ላይ ደርሶ ቀረ። ስለዚህ ጎረቤት ሰፈር ለመሄድ እንኳ ዋናው አስፋልት ድረስ ወጥቶ መዞር መጣ። ከተማዋ ወደ ጀሞና የካ አባዶ ስትለጠጥ ደግሞ የሠራተኛውና የተማሪው መንገድ ይበልጥ ረዘመ።

የዘገየ ማስተካከያ ዋጋው ከባድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገድ ለማስፋት ፒያሳን በመሳሰሉ ቦታዎች ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ነዋሪውም ተነስቷል።

እኛ ግን ገና በሣርና በሸራ ቤት ነን። ዛሬ አጥርን ሁለት እርምጃ መሳብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መተላለፊያው በሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን፤ እሳት ቢነሳ መሸሻ፣ ውሃ ለሚቀዳም አቋራጭ ነው። አጥር ከማጠራችን በፊት ከጎረቤት ጋር ቆመን እንለካ።