የጥናት አስተባባሪ ምን ይሠራል?

«የጥናት አስተባባሪ ነኝ» ባልኩ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ ያው ነው። «የምን አስተባባሪ?» ይሉኛል። ሰንዳፋ በምንኖርበት ሰፈር፣ የዕድር ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። ላስረዳ የሞከርኩትን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «እንግዲህ ማስተማሩን ትተህ መዝገብ ቤት ገባህ በለኛ!» አሉኝ። ስቄ አለፍኩት፤ ማታ ግን አሳሰበኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እኔም ስለ ራሴ የማስበው ከእሳቸው ብዙም የተለየ አልነበረምና።

የተማርኩት ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ነው። ይህ የሥነ ልቦና ዘርፍ ሰው እንዴት እንደሚያስተውል፣ እንደሚያስታውስ፣ የሰማውን እንደሚረዳና እንደሚወስን ያጠናል። ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተማርኩትም ይህንኑ ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 (እ.ኤ.አ.) ስለ ትውስታ አቅም የጻፈውን፣ ኤልዛቤት ሎፍተስ በ1974 (እ.ኤ.አ.) በጥያቄ ውስጥ አንዲት ቃል ስትቀየር የምስክሩ ትዝታ አብሮ እንደሚቀየር ያሳየችበትን ሙከራ በየሴሚስተሩ ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። ተማሪዎቼ ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል። ምርምር ስንል በአብዛኛው መጠይቅ አባዝተን እንበትን ነበር። በዚህ መሀል በሰንዳፋና በአካባቢው የሕፃናትን የአእምሮ እድገት የሚከታተል አንድ ጥናት አስተባባሪ እንደሚፈልግ ሰማሁ። አመልክቼ ተቀጠርኩ።

ከወረቀት እስከ ደጃፍ

በአንድ ጥናት ውስጥ ዋናው ተመራማሪ ጥያቄውን ያነሣል፣ ገንዘብ ያፈላልጋል፣ ለውጤቱም ይጠየቃል። አስተባባሪው ደግሞ በወረቀት የተጻፈውን ዕቅድ እስከ ሰው ደጃፍ ያደርሳል። ፕሮፖዛሉን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቀርባል። ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፋል። መረጃ ሰብሳቢዎችን ይመለምላል፣ ያሠለጥናል፤ መኪና ይከራያል፣ አበል ያወራርዳል። ማታ ማታ ከየታብሌቱ የገባውን መረጃ ይፈትሻል፤ የጎደለ ካለም በማግሥቱ ወደዚያው ቤት ሰው ይልካል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ደግሞ አድራሻ ራሱ ሥራ ነው። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሥሩ ሲጠቃለሉ የብዙ ሰው አድራሻ ስሙ ተቀየረ። አንድን ቤተሰብ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ለማግኘት የድሮውንም የአዲሱንም ስም፣ ከዚያ በላይ ደግሞ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚለውን ምልክት መያዝ ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. ገደማ በቡታጅራ የጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት ይመዘግብ ነበር። በኋላም ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለመለየት ባካሄዱት ጥናት ከ68 ሺሕ በላይ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ተኪዶ ተጠይቀዋል። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ደግሞ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ 20 ቦታዎች 3,000 ልጆችን መዝግቦ እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ተከታትሏቸዋል። ልጅ ያድጋል፣ ቤተሰብ አገር ይቀይራል፣ ስልክ ይጠፋል። እነዚያኑ ልጆች ከሃያ ዓመት በኋላ ማግኘት የተቻለው መዝገቡን በትጋት የሚይዝ ሰው ስለነበረ ነው። የሳይንሱ መጽሔት ላይ ስማቸው የሚወጣው ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

ስምንት ዓመት የጨመረው ልጅ

የተማርኩት ትምህርት ለዚህ ሥራ እንደሚያስፈልግ የገባኝ በአንድ የልደት ቀን ነው። ማታ መረጃ ስፈትሽ የአንድ ልጅ የፈተና ውጤት እጅግ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። በሰንጠረዡ መሠረት ከባድ የአእምሮ እድገት ዝግመት ያለበት ይመስላል። ወረቀቱን ሳገላብጥ ልጁ የተወለደው ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። መረጃ ሰብሳቢው 2011 የሚለውን ሳይቀይር በፈረንጆች አቆጣጠር በተዘጋጀው ቦታ ሞልቶታል። ኮምፒውተሩ የአምስት ዓመቱን ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት አድርጎት ኖሯል! ልጁ ፍጹም ጤነኛ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። እናት «ልጄ ማታ 2 ሰዓት ይተኛል» ስትል ታብሌቱ ላይ 2:00 ተብሎ ከተሞላ፣ ሕፃኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚተኛ ሆኖ ይመዘገባል። የልደት ቀን ለማይታወሳቸው እናቶችም «በስንት ቀን ተወለደ?» ከማለት «ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከኢሬቻስ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያመጣል። ትዝታ የሚያዘው በቁጥር ሳይሆን በክስተት ላይ ተንጠልጥሎ ነውና።

ከሁሉም የረቀቀው ቋንቋ ነው። ኤሊስና ሄነሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ በዌልስ ቋንቋ ቁጥር ለመጥራት ከእንግሊዝኛው የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ በዌልስኛ የሚፈተን ሰው ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ያስታውሳል። ልዩነቱ የመጣው ከቃላቱ ርዝመት እንጂ ከሰውየው ብልህነት አይደለም። የእንግሊዝኛ ቁጥሮች አብዛኞቹ ባንድ ትንፋሽ የሚባሉ ሲሆኑ የእኛዎቹ «ሁለት»፣ «አራት»፣ «ሰባት»፣ «ዘጠኝ» ረዘም ይላሉ። እንግዲህ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተፈተነን ልጅ ከባሕር ማዶ በመጣ ሰንጠረዥ መመዘን ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

«ኤዬ» ያለችው እናት

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። ከሰንዳፋ ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ አንዲት መረጃ ሰብሳቢያችን የስምምነት ቅጹን በአፋን ኦሮሞ ለአንዲት እናት ስታነብ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ቅጹ ሁለት ገጽ ነው። እናትየው በየአንቀጹ ራሷን እየነቀነቀች መጨረሻ ላይ «ኤዬ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። ልትፈርም ጣቷን ቀለሙ ላይ ልታደርግ ስትል አንድ ነገር እንድትጠየቅ አደረግኩ፤ «አዴ፣ ጎረቤትዎ ምን ሊያደርጉ መጡ ቢሉዎት ምን ይሏቸዋል?»

መልሷ አጭር ነበር። ልጄን ሊረዱልኝ ስሙን ጻፉ፤ እምቢ ካልኩ ጤና ጣቢያው ይሠርዘኛል አለች።

ቅጹ ላይ እርዳታ እንደማይሰጥ ተጽፏል። ባይስማሙ ምንም እንደማይቀርባቸውም ተጽፏል። ሁለቱም ተነበውላታል። ነገር ግን ሁለት ገጽ በጆሮ ሰምቶ መያዝ የማንም አእምሮ አይችልም፤ ሚለርን ሳስተምር የኖርኩት እኔ ይህንን ቅጽ ሳጸድቅ አላየሁትም። ተሳታፊዎች ጥናትን ከሕክምና ጋር እንደሚያምታቱ ፖል አፔልባምና ባልደረቦቹ ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጽፈዋል። አንብቤዋለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሥራውን አስቆምኩ። ከበላይ የመጣው ስልክ ደስ የሚል አልነበረም፤ የመኪና ኪራይ ይቆጥራል፣ ዘመቻው በዓርብ ማለቅ ነበረበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቅጹን በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አስጽፈን፣ በመጨረሻው ላይ የመረዳት ጥያቄዎች ጨምረን፣ ማሻሻያውን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አቅርበን አስፈቀድን። ከዚያ ቀደም ሲል የፈረሙትን ሁሉ ዳግም ጠየቅን። አብዛኞቹ ቆዩ። ጥቂቶቹ «እንግዲያውስ ይቅርብኝ» አሉ። ያቺ እናት ከቀሩት አንዷ ነች። የጥናቱ ቁጥር ቀነሰ፤ እኔ ግን በዚያ ሥራዬ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በዚህ ረገድ ከአገራችን የምንማረው አለ። ባዶ እግር ከቀይ አፈር ጋር በመገናኘት የሚመጣው የእግር ዝሆኔ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጠና፣ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ሥራ አንድ ስጋት አጋልጧል። «በሽታው በዘር ይተላለፋል» የሚለው የጥናቱ መነሻ ቤተሰቦቹን የበለጠ ሊያስገልላቸው እንደሚችል ሰዎቹ ይፈሩ ነበር። ከጥናቱ በፊት ከኅብረተሰቡ ጋር ተነጋግሮ ፈቃድ እንዴት መጠየቅ እንዳለበት የማጥናት ዘዴም ከዚያ ወዲህ በአገራችን ተሠርቶበታል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያም ተሳታፊው ተረድቶ መስማማት እንዳለበት ይደነግጋል። መመሪያውን በቀበሌ የሚያስፈጽመው ግን አስተባባሪው ነው።

ዋጋው

ለሙያ ባልደረቦቼ ሥራውን አሳምሬ ብቻ ብነግራቸው ውሸት ይሆንብኛል። ኮንትራቱ ከፕሮጀክቱ ጋር ያበቃል። ለሦስት ዓመት ያሠለጠንኳቸው መረጃ ሰብሳቢዎች ገንዘቡ ሲያልቅ ተበትነዋል፤ አንዱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ዕድገት የለውም፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የማዕረግ ዕድገት ሲሰጡ የሚቆጥሩት የታተመ ጽሑፍ እንጂ በትክክል የተያዘ መዝገብ አይደለም። ስለዚህ ጎበዝ የሆነ ሰው ይህንን ሥራ እንደ መሸጋገሪያ ያየዋል። ቀጣዩ ፕሮጀክት ሲመጣ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል፤ ልደቱ እንደገና በተሳሳተ አቆጣጠር ይሞላል፤ ሌላ እናት ያልገባትን ነገር «ኤዬ» ትላለች።

የምርምር ተቋሞቻችን አስተባባሪነትን ቋሚ የሥራ መደብ ቢያደርጉት፣ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎችም ተማሪዎቻቸውን አንድ ሴሚስተር እንኳ መስክ ላይ ቢያውሏቸው የሚወጣው ወጪ ከሚያድነው ስሕተት ጋር አይወዳደርም። ማስተማሩን ትቼ መምጣቴ አልጸጸተኝም። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ያየሁት እዚህ ነው።

ጎረቤቴ «መዝገብ ቤት» ማለታቸውም አሁን አያስከፋኝም። በመዝገቡ ውስጥ ያለው የሰው ልጅ ዕድሜና የሰው እሺታ ነውና ሊጠብቀው የሚገባው የሚያውቅ ሰው ነው። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ እንዲህ ብዬ እነግራቸዋለሁ።