ለቀብርም ለኑሮም፦ የዕድሮቻችንና የአገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅቶች ዳሰሳ

ስለ እርዳታ ድርጅት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው አርማ የተለጠፈበትን መኪና፣ የፕሮጀክት ሰነዱንና የለጋሹን ስም ነው። አብዛኛው ከተሜ በክፉ ቀኑ የሚያየው ደራሽ ግን ሌላ ነው። ሰው የሞተበት ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚውንና ድስቱን ተሸክሞ የሚመጣው፣ አስተዛዛኙን እስከ ሠልስት የሚያስተናግደው የሰፈሩ ዕድር ነው። እነዚህ ሁለት ዓለማት፣ የሰፈር ማኅበሩና የተመዘገበው በጎ አድራጎት ድርጅት፣ በአንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ እምብዛም አይተዋወቁም። ይህን መስክ ስከታተል የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ የተያያዙበት ሥራ ከሌላው ሁሉ እንደሚጸና ነው። ሕጉም የገንዘብ አሰጣጡም ግን ለያይቶ አቆይቷቸዋል።

ከዕድር እንጀምር። አሠራሩ ለአገሬው ሰው አዲስ ባይሆንም፣ ከቅርብ ሲታይ ምን ያህል የታሰበበት እንደሆነ ያስደንቃል። ዳኛ ወይም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ክፍል አለው፤ ሁሉም በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጣሉ። መተዳደሪያ ደንቡ አባል ሲሞት፣ የአባል እናት ወይም አባት ሲያርፍ፣ ልጅ ሲቀጭ የሚሰጠውን ገንዘብ ለየብቻ ይወስናል። ቀብር ያልወጣ፣ ለቅሶ ያልደረሰ፣ መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል። በቅጣት ያልታረመ ይሰረዛል፤ በዕድር መሰረዝ ደግሞ በሰፈር ውስጥ ከገንዘብ ኪሳራ የሚከብድ ነገር ነው። ማለዳ በጥሩምባ ይነገር የነበረው መርዶ ዛሬ በብዙ ቦታ በስልክና በቴሌግራም ይደርሳል፤ ድንኳኑ ግን ያው ድንኳን ነው።

የዕድርን አጀማመር ያጠኑ ሰዎች በአንድ መነሻ አይስማሙም። ብዙዎቹ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ስደተኞች፣ በተለይም ከጉራጌ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ጋር ያያይዙታል። በአገሩ ቢሆን ዘመድ የሚያለቅስለት ሰው በከተማ ብቻውን ሲሞት ቀባሪ እንዳያጣ ጎረቤት ዘመድ ሆነ ማለት ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ ዕድሩም አብሮ ሰፋ። የመሥሪያ ቤት፣ የሴቶች፣ የቤተሰብና የተወላጆች ዕድሮች እየተፈጠሩ አንድ ሰው በሁለትና በሦስት ዕድር መታቀፉ የተለመደ ሆነ።

በ1950ዎቹ ደግሞ ከቀብር አልፎ ልማት ውስጥ የገባ ሌላ ጎራ ብቅ አለ። የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለማስጠረግ ያቋቋሙት ድርጅት ዋናው ምሳሌ ነው። በከተማ የሚኖር ነጋዴና ሊስትሮ ካገኘው ላይ ቀንሶ ለትውልድ መንደሩ መንገድ ማውጣቱ፣ መንግሥት ያልደረሰበትን ቦታ በመዋጮ መድረስ እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ ታሪክ በልማት መጻሕፍት ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም፤ እኔ በበኩሌ ከብዙ የውጭ ፕሮጀክት ይልቅ ሊጠና የሚገባው እሱ ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የቀበሌ ማኅበራት ሲቋቋሙ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ወደ ቀበሌ ዞረ። ዕድርም ቀብር ላይ ብቻ እንዲወሰን ሆነ። ይህ ገደብ በደንብና በልማድ ውስጥ ሥር ሰድዶ፣ ደርግ ከወደቀም በኋላ ብዙ ዕድሮች ለሕያው ሰው ገንዘብ ማውጣትን እንደ ደንብ መጣስ ሲያዩት ኖረዋል።

የመረዳጃ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ብቻ የበቀለ አይደለም። በወሎ ቅሬ የሚባለው ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ አቅፎ ከቀብር ባሻገር ጠብ ያበርዳል፣ አጥፊን ያስክሳል። በሐረር አፎቻ ለሠርግም ለለቅሶም የሚጠራ የወንዶችና የሴቶች ማኅበር ነው። በኦሮሞ ዘንድ ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ያለቀበትንና ቤቱ የተቃጠለበትን መልሶ ያቋቁማል። ደቦና ወንፈል፣ ዕቁብና ሰንበቴ ሲጨመሩበት፣ አገሩ ማንም ሳያዝዘው ራሱን ያደራጀበት መጠን ይታያል።

የዕድርን ጉድለት ሳይናገሩ ማለፍ ግን ተገቢ አይደለም። ዕድር የሚረዳው አባሉን ነው። አባል ለመሆን ደግሞ መግቢያ ይከፈላል፤ አሮጌና ሀብታም ዕድር ውስጥ አዲስ ገቢ እስካሁን ከተከማቸው ገንዘብና ንብረት ድርሻውን እንዲያሟላ ይጠየቃል። ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው በዚህ በር አያልፍም። በጣም የሚያስፈልገው ሰው ከውጭ ይቀራል ማለት ነው። ሴቶችም ቢሆኑ ንፍሮውን የሚቀቅሉ፣ ወጡን የሚሠሩ፣ ቡናውን የሚያፈሉ እነሱ ሆነው ሳለ፣ በቅይጥ ዕድሮች የዳኝነቱ ወንበር ላይ የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ላይ የዋጋ ንረት አለ። ከዓመታት በፊት ለሣጥንም ለዝክርም ይበቃ የነበረ ክፍያ ዛሬ ለድንኳኑ ቀን ምግብ እንኳ አይሆንም፤ መዋጮ ይጨመር የሚለው አጀንዳም በየጉባኤው ጡረተኛውንና ደመወዝተኛውን ያጨቃጭቃል።

ዕድርን ከሙታን ወደ ሕያዋን የመለሰው ትልቁ ፈተና ኤች አይ ቪ ነው። በ1990ዎቹ በሽታው በተስፋፋበት ጊዜ ዕድሮች በየሳምንቱ ወጣት ይቀብሩ ጀመር፤ ካዝናቸውም ይራቆት ገባ። አንዳንዶቹ ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባል ገንዘብ መስጠት፣ አስታማሚ ማሰለፍ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባት ጀመሩ። በአዲስ አበባ ውስጥ ዕድሮች ተሰባስበው ኅብረት የመሠረቱት፣ የልማት ድርጅቶችም ወደ እነሱ መምጣት የጀመሩት በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው። የትኛው ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ተደብቆ እንዳለ፣ የትኛዋ አያት የልጅ ልጆቿን ብቻዋን እንደምታሳድግ ከዕድር ዳኛና ከሴቶቹ በላይ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ዛሬም የለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ መሰብሰብ ሲገደብ አንዳንድ ዕድሮች ለለቅሶ ያስቀመጡትን ገንዘብ ለተቸገሩ አባላት እህል የገዙበትም በዚያው ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ተመዘገቡት ድርጅቶች እንሻገር። አንጋፋው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመ ነው። የ1966 እና የ1977 ድርቆች የውጭ ድርጅቶችን በብዛት አመጡ፤ የዘርፉ ቋንቋ፣ የደመወዝ ደረጃና የሪፖርት ሥርዓት የተቀረጸውም በእነሱ አምሳል ነው። አገር በቀሎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተወለዱት ከአንድ ሰው ቤት ነው።

የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ወደ ወሎ ሲሄዱ በረሃብ የሞተች እናት ጡት ላይ የተጣበቀች ሕፃን አገኙ። ይዘዋት ተመለሱ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ውስጥ 21 ልጆች ነበሩ። ትዳራቸውን አጥተው፣ እንጀራ ጋግረውና ምግብ ሸጠው ያሳደጓቸው ልጆች የዛሬውን የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት መሠረቱ። አበበች በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ድርጅቱ ትምህርት ቤትና የልማት ሥራ ያለው ትልቅ ተቋም ሆኖ ነበር። ሜሪ ጆይ የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት የመሠረቱት ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ ነርስ ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1994 ዓ.ም. ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በብዙ ቤት ከእንግዳ ዓይን ይሰወር ነበር። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. መቄዶንያን የጀመረው በወላጆቹ ቤት ጥቂት ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በማስጠጋት ነው፤ ዛሬ ማዕከሉ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በሺዎች ይይዛል።

መቄዶንያ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የገቢው ምንጭ ከብዙዎቹ ስለሚለይ። ሠርጉን ወይም የልደት በዓሉን ከአረጋውያኑ ጋር የሚያከብር ቤተሰብ፣ በስልክ አጭር መልእክት ጥቂት ብር የሚልክ ሰው፣ የሕንፃ ማሠሪያ በተሰበሰበበት የቀጥታ ሥርጭት ከአገር ውስጥም ከውጭም የተረባረበ ሕዝብ ያቆመው ቤት ነው። ሰው የት እንደሚሄድ የሚያየው ገንዘብ ካለ ይሰጣል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቆመ ጊዜ፣ በለጋሽ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ አሰናበቱ፣ ቢሮ ዘጉ። በሰፈር መዋጮና በአገር ሰው ስጦታ የቆሙት ግን በማግስቱም ምግብ አቀረቡ። ይህን ስል የውጭ እርዳታ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና የድርቅ እህልን የሚያህል ወጪ በመዋጮ አይሸፈንም። ነገር ግን አንድ ድርጅት ቢያንስ በሩን ክፍት የሚያደርግበትን ከአካባቢው ማግኘት ካልቻለ፣ ዕድሜው የሚወሰነው በማያውቀው አገር ምርጫ ነው።

ሕጉን በአጭሩ እንይ። ለረጅም ጊዜ ማኅበራትን ይገዛ የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በአካል ጉዳተኞች መብትና በግጭት አፈታት እንዳይሠራ ከለከለ። ለተበደሉ ሴቶች በነጻ ጥብቅና ይቆም የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገንዘቡ ታግዶ፣ ሠራተኞቹን በትኖ ሥራው ተሽመደመደ። ጠበቃ መግዛት የማትችል ሴት የከፈለችው ዋጋ በየትኛውም ሪፖርት አልተቆጠረም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ሽሮ መስኩን ከፈተ፤ ድርጅቶች ነግደው ገቢ እንዲያገኙም ፈቀደ። ሁለቱም አዋጆች ግን ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነታቸው ውጭ አድርገዋል። ይህ ዕድርን ከቢሮክራሲ ያድነዋል፤ በዚያው ልክ ግን ለጋሽ ገንዘብ በስሙ እንዳይቀበልና ከድርጅት ጋር እኩል እንዳይዋዋል ያደርገዋል። ስለዚህ ድርጅቱ ገንዘቡንና ሪፖርቱን ይይዛል፣ ዕድሩ ደግሞ የችግረኛ ስም ዝርዝር አቅራቢ ሆኖ ይቀራል። መዝግቦ የሚሰጠው ሰው ውሳኔው ላይ የለበትም።

በስደት ያለው ወገንም የመረዳዳቱን ልማድ ይዞት ሄዷል። በዋሽንግተንና አካባቢዋ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ያለውን ወጪ የሚጋሩ ዕድሮች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በአርሊንግተን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ደግሞ ከኢትዮጵያዊ አልፎ የሌላ አገር ስደተኛም ያሰፍራል። ቤይሩት ውስጥ እኛ ለእኛ በስደት የተባለውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋሙት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። ከአሠሪ ቤት ለተባረረች፣ ደመወዟን ለተከለከለች እህት መጠለያና የመመለሻ ትኬት ፈልገዋል፤ ያለ ቢሮና ያለ ፈቃድ በመከራ መካከል የተወለደ ሥራ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የዚህ ሁሉ መሠረት የሆነው ሰፈር ራሱ እየተነሣ ነው። ልደታ፣ ሰንጋ ተራና ባሻ ወልዴ ችሎት ቀደም ብለው፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ነዋሪዎቻቸው ወደ ዳር ተበትነዋል። ቤት ሲፈርስ ምትክ ይሰጣል፤ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረ ዕድር ግን አባላቱ በአራት ማዕዘን ሲሄዱ ድንኳኑን የት ይተክላል? ጉባኤ ጠርተው ገንዘባቸውን ተካፍለው የተለያዩ አሉ። ሌሎች ታክሲ ሁለትና ሦስት ጊዜ እየቀየሩ መዋጮ ለመክፈልና ለለቅሶ ወደ ድሮው ሰፈር ይመላለሳሉ። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች በየብሎኩ አዲስ ዕድር ይቋቋማል፤ ነገር ግን የቆየችው መበለት መግቢያውን እንደገና ከዜሮ ትከፍላለች። ከተማው ሰፈር ሲያነሣ የቤት ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዕድር መዝገብም ሊያይ ይገባል፤ አባላቱ እንደ ኖሩ በአንድ አካባቢ ቢመደቡ፣ ለድንኳኑና ለዕቃው ማስቀመጫ የሚሆን አንድ ክፍል በአዲሱ ግቢ ቢያዝ፣ ነባር አባልነታቸው በአዲሱ ዕድር ዘንድ ቢቆጠርላቸው የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ መንገድ መብራት ወጪ ብዙም አይርቅም። የዕድሮቹ ኅብረቶችም ይህን ጥያቄ ለአስተዳደሩ ለማቅረብ ሰፈሩ እስኪፈርስ መጠበቅ የለባቸውም።